ስድስት ዓመት ያገለገለ የላፕቶፕ ስክሪን ፈዘዘ፦ እርጅና ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄው፦ «ላፕቶፔን ከገዛሁ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በቀን በአማካይ ስድስት ሰዓት ያህል እሠራበታለሁ። ድሮ ብራይትነሱን ግማሽ ላይ አድርጌው ይበቃኝ ነበር፤ አሁን እስከ መጨረሻው ከፍቼውም ይጨልምብኛል። ነጩ ገጽ ደግሞ ቢጫ ቢጫ ይላል። ያሳየሁት ጠጋኝ ‹አምፖሉ አልቋል፣ ይቀየር› አለኝ። ለመሆኑ የስክሪን መብራት ያረጃል? በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር ይኖር ይሆን? ዳርክ ሞድ ዕድሜውን ያራዝማል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

የስክሪን መብራት ያረጃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የእርስዎ ስክሪን የፈዘዘው ግን በእርጅና ብቻ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ምክንያቴ እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ አለ፦ «ግማሽ ላይ አድርጌው ይበቃኝ ነበር» ብለዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሽ ላይ የሠራ መብራት ይህን ያህል አይወድቅም። ለምን እንደማይወድቅ ለማየት መብራቱ እንዴት እንደሚሠራና ከምኑ እንደሚያረጅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ይታገሱኝ።

የኤልሲዲ ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም። ምስሉን የሚሠራው ፈሳሽ ክሪስታል ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን እያሳለፈና እየከለከለ ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ባክላይት የምንለው ክፍል ሲሆን፣ በዛሬ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ በፓነሉ የታችኛው ጠርዝ ላይ የተደረደሩ በአሥሮች የሚቆጠሩ ትናንሽ ኤልኢዲዎች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን የሚለውጡ ጥቃቅን መብራቶች ናቸው። ጨረራቸው በጠርዙ በኩል ወደ አንድ ጥርት ያለ የአክሪሊክ ሰሌዳ ይገባል። ሰሌዳው ብርሃኑን በመላው ስፋት እያሠራጨ ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ከኋላው ነጭ አንጸባራቂ ወረቀት፣ ከፊቱ ደግሞ ብርሃኑን የሚያለሰልሱና ወደ ተመልካቹ የሚሰበስቡ ስስ ፊልሞች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ፖላራይዘሩ (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልም)፣ ፈሳሽ ክሪስታሉና የቀለም ማጣሪያው የሚመጡት። ፖላራይዘሩ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይውጣል፣ የቀለም ማጣሪያው ከቀረው ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ቢያሳልፍ ነው። ሁሉ ተደምሮ ኤልኢዲዎቹ ከሚያመነጩት ብርሃን ዓይንዎ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ንብርብር ትንሽ ቢጠቁር ወይም ቢጫ ቢሆን ውጤቱ ፊት ለፊት ይታያል።

አሁን ወደ እርጅናው። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ክሩ ተበጥሶ አንድ ቀን ድንገት የሚጠፋ ነገር አይደለም። ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። የስክሪን አምራቾች የኤልኢዲን ዕድሜ የሚለኩት «መቼ ይጠፋል» ብለው ሳይሆን «መቼ ግማሽ ብርሃኑን ያጣል» ብለው ነው። በላፕቶፕ ፓነሎች የመረጃ ወረቀት ላይ በብዛት የሚገኘው ቁጥር 15,000 ሰዓት ነው። ይህ ማለት በሙሉ ብርሃን፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ 15,000 ሰዓት የበራ ፓነል ቢያንስ ግማሽ ብርሃኑ ይቀርለታል ማለት ነው። ለዴስክቶፕ ሞኒተሮች ቁጥሩ 30,000 እና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ የላፕቶፑ ክዳን ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ለኤልኢዲዎቹም ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

በቀን ስምንት ሰዓት በሙሉ ብርሃን የሚሠራ ሰው 15,000 ሰዓትን በአምስት ዓመት ገደማ ይደርስበታል። እርስዎ ስድስት ሰዓት በስድስት ዓመት ስናባዛው 13,140 ሰዓት ይመጣል። ይህ ግን በሙሉ ብርሃን የሠራ አይደለም። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ብርሃኑን የሚቀንሱት ኤልኢዲዎቹን በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ጊዜ እያጠፉና እያበሩ ነው፤ ግማሽ ብርሃን ማለት ኤልኢዲው በእያንዳንዱ ዙር ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ ያርፋል ማለት ነው። በሌሎቹም ቢሆን የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩ ራሱ ስለሆነ ድካሙ ይቀላል። እንግዲህ በግምት የእርስዎ ፓነል የሠራው ከ6,500 ሙሉ ሰዓት የሚስተካከል ሥራ ነው። የኤልኢዲ ድካም መጀመሪያ ፈጠን፣ በኋላ ዘገም የሚል ጠመዝማዛ መስመር ነው የሚከተለው፤ በዚያ ስናሰላው የቀረው ብርሃን ከመቶ 74 ያህል ይሆናል።

አንድ አራተኛ ብርሃን ማጣት ብዙ ይመስላል፤ ለዓይን ግን ብዙ አይደለም። ዓይናችን ብርሃንን በቀጥታ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ዓለም አቀፍ የብሩህነት መለኪያ መሠረት፣ ብርሃኑ በግማሽ ቢወርድ ዓይን የሚታየው ከሩብ ያልበለጠ ቅናሽ ነው። ከመቶ 26 የቀነሰ ብርሃን ደግሞ ለዓይን ከመቶ 11 ያህል የቀነሰ ነው የሚመስለው። ይህ በስድስት ዓመት ውስጥ ቀን በቀን ተበታትኖ የመጣ ለውጥ ነው፤ ሰው አያስተውለውም። አዲስ ላፕቶፕ አጠገቡ ካላስቀመጡ በስተቀር «ፈዘዘ» ብሎ የሚያማርር የለም።

የእርስዎ ግን ከግማሽ ወደ ሙሉ ሄዶ አልበቃ አለ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ መንሸራተቻው 50 ላይ ሲሆን የሚወጣው ብርሃን ከሙሉው ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ አምራቹ ለዓይን እንዲመች አድርጎ ስለሚደለድለው አንድ ሦስተኛ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ድሮ 50 ላይ ያገኙት የነበረውን ብርሃን አሁን 100 ላይ ካላገኙት፣ ከግማሽ በላይ፣ ምናልባትም ሁለት ሦስተኛውን ብርሃን አጥተዋል ማለት ነው። ከ6,500 ሙሉ ሰዓት በኋላ ይህ ከእርጅና ብቻ አይመጣም። ሌላ እጅ አለበት።

ጠጋኙ «አምፖሉ አልቋል» ያለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኤልኢዲ ከመስፋፋቱ በፊት የላፕቶፕ ባክላይት ሲሲኤፍኤል የሚባል ከእርሳስም የቀጠነ የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ጨረር ያወጣል፣ የቱቦውን ውስጥ የለበሰው ፎስፈር ደግሞ ያንን ወደ ነጭ ብርሃን ይለውጠዋል። ቱቦውን ለማስነሳት ኢንቨርተር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፍ ቮልት ያመነጫል። ይህ ቱቦ በእርግጥ ያልቅ ነበር፦ ኤሌክትሮዶቹ እየተሸረሸሩ የቱቦው ጫፎች ይጠቁራሉ፣ ሜርኩሪው በመስታወቱ እየተመጠጠ ይሳሳል፣ ፎስፈሩም ይደክማል። ሲያረጅ ገና ሲበራ ስክሪኑ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ይይዛል፣ እስኪሞቅም ደቂቃዎች ይወስድበታል። ላፕቶፖች ወደ ኤልኢዲ መሸጋገር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አፕል ማክቡክ ፕሮን በኤልኢዲ ያወጣው በ2007 ነበር፣ ከ2010 ወዲህም ቱቦ ያለው ላፕቶፕ በተግባር ጠፍቷል። የስድስት ዓመት ላፕቶፕ ውስጥ የሚቀየር «አምፖል» የለም። ኢንቨርተርም የለም። አምፖል እቀይራለሁ የሚል ሰው በትክክል ምኑን ሊቀይር እንዳሰበ ይጠይቁት።

ኤልኢዲው ራሱ ሲያረጅ ምን ይመስላል? ከአሮጌ ፓነል ላይ የብረት ጠርዙን ፈትቶ የኤልኢዲውን ጥብጣብ ማውጣት የሚችል ሰው እርጅናውን በዓይኑ ያየዋል። እያንዳንዱ ኤልኢዲ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ ሳጥን መሰል ነጭ የፕላስቲክ ቅርጽ ነው፤ መሐሉ ላይ ቢጫ ሙጫ አለ። አዲሱ ላይ የሳጥኑ ግድግዳ እንደ ሸክላ ሰሃን ነጭ ነው። ብዙ የሠራው ላይ ግን በሙጫው ዙሪያ ያለው ግድግዳ መጀመሪያ ክሬም፣ ከዚያ የቆዳ ቀለም፣ አልፎ አልፎም ቡናማ ሆኖ ይገኛል። የሚጠቁረው ደግሞ ውስጠኛው ወገን፣ ለብርሃኑ የቀረበው ነው። ጥብጣቡ ላይ ሙቀት በሚበዛበት ቦታ ያሉት ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቁራሉ።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ነጭ ኤልኢዲ በእውነቱ ሰማያዊ ኤልኢዲ መሆኑ ነው። መሐሉ ያለው ቺፕ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፤ በላዩ የፈሰሰው ሙጫ ውስጥ ያለው ቢጫ ፎስፈር ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፣ ሰማያዊና ቢጫው ሲቀላቀሉ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ለመሥራት ዓለም ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ለዚህ ሥራ ሳይንቲስቶቹ አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ችግሩ ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ኃይል የተሸከመ መሆኑ ነው። ሰማያዊው ብርሃንና ሙቀቱ ተባብረው የሳጥኑን ፕላስቲክ ቢጫ ያደርጉታል፤ ቢጫ የሆነ ግድግዳ ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ከማንጸባረቅ ይልቅ ይውጠዋል፣ በዋጠው ቁጥር ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይጠቁራል። ከቺፑ ሥር ያለው በብር የተለበጠ ገጽም በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ይደበዝዛል። ቺፑ ራሱ ውስጥ በክሪስታሉ ያሉ ጥቃቅን እንከኖች በሙቀትና በኤሌክትሪክ ብዛት እየበዙ ኃይሉን ብርሃን ከማድረግ ይልቅ ሙቀት ያደርጉታል። የሙጫው፣ የአክሪሊኩና የፊልሞቹ ቢጫነትም ይጨመርበታል።

ስለዚህ ያረጀ ኤልኢዲ ሲፈዝ አብሮ ወደ ቢጫ ማድላቱ የተለመደ ነው፣ እርስዎ ያዩትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ሌላ ነገርም አለ፦ ቢጫ ብርሃንና መፍዘዝ አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌር ነው። ማታ ማታ ሰማያዊውን የሚቀንሰው የዊንዶውስ «ናይት ላይት» ወይም የማክ «ናይት ሺፍት» ሳይታወቅ ቀን ሙሉ በርቶ ሊቀር ይችላል። በላፕቶፑ አምራች የተጫነ «ዓይን መከላከያ» የሚል ፕሮግራምም እንዲሁ። እነዚህ ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ነጩን ራሱን ይቆርጡታል።

በዚህ ላይ ኃይል ቆጣቢዎቹ አሉ። የባትሪ ቆጣቢ ሁነታ ሲበራ ዊንዶውስ ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ስሪቶች «በይዘቱ መሠረት ብርሃን ቀይር» የሚል አማራጭ አላቸው፤ ጥቁር የበዛበት ገጽ ሲከፍቱ ባክላይቱን ዝቅ ያደርገዋል። የኢንቴል ግራፊክስ «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ»፣ የኤኤምዲ ደግሞ «ቫሪ-ብራይት» የሚሉት ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ከዊንዶውስ ሴቲንግ ውጪ በራሳቸው የግራፊክስ ፕሮግራም ውስጥ ተደብቀው ስለሚቀመጡ ሰው አያገኛቸውም። ማክ ላይ በባትሪ ሲሠሩ ስክሪኑን ትንሽ የሚያደበዝዝ አማራጭ አለ፣ «ትሩ ቶን» ደግሞ እንደ ክፍሉ መብራት ነጩን ወደ ሞቅ ያለ ቀለም ይወስደዋል። የብርሃን ሴንሰር ያለው ላፕቶፕ ከሆነም ሴንሰሩ ላይ የወደቀ አቧራ ወይም የተለጠፈ ስቲከር ክፍሉ ጨለማ መስሎት ስክሪኑን ያደበዝዘዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም። ያስቡት።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከመፈለግ በፊት ግን አንድ ሙከራ ያድርጉ። ቻርጀሩን ይሰኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሱ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ ይግቡ። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስም ናይት ላይትም ግራፊክስ ድራይቨርም (ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያዝዘው ፕሮግራም) የሉም፤ ስክሪኑ በአብዛኛው በሙሉ ብርሃን ወይም ለእሱ በተቀራረበ ብርሃን ነው የሚበራው። አንዳንድ ባዮስ የብርሃን መቆጣጠሪያ ስላለው እሱንም እስከ መጨረሻ ከፍ ያድርጉት። እዚያ ስክሪኑ ደማቅና ነጭ ከሆነ ፓነልዎ ደህና ነው፤ ጉዳዩ ሶፍትዌር ነውና ከላይ የዘረዘርኩትን እያጠፉ ይሞክሩ፣ ካልሆነም የግራፊክስ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች አውርደው እንደገና ይጫኑ። እዚያም ፈዛዛና ቢጫ ከሆነ ጉዳዩ ከፓነሉ ወይም ለፓነሉ ኃይል ከሚሰጠው ሰርኪዩት ነው። በግራፊክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን «ብራይትነስ» ወይም «ጋማ» ከፍ በማድረግ ለማካካስ ግን አይሞክሩ፤ እሱ የምስሉን ጥቁር ግራጫ ያደርገዋል እንጂ ከባክላይቱ አንዲት ጠብታ ብርሃን አይጨምርም።

ሶፍትዌር እንዳልሆነ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ እርጅና ነው ወይስ ብልሽት የሚለው ነው። እርጅና መላውን ስክሪን በእኩል ይነካል፣ በወራት እንጂ በቀናት አይመጣም። ብልሽት ድንገት ይመጣል ወይም ቦታ ይመርጣል። ኤልኢዲዎቹ በየቡድን ተከፋፍለው በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ የአንድ ቡድን ኤልኢዲዎች ሦስት ሦስት ቮልት ገደማ ስለሚወስዱ ለስምንትና ለአሥር ኤልኢዲ ወደ 30 ቮልት የሚጠጋ ያስፈልጋል፣ ያንን የሚያመነጨው ደግሞ የኤልኢዲ ድራይቨር የሚባል ቺፕ ነው። ከአንድ ቡድን አንዷ ኤልኢዲ ብትቃጠል ወይም ብየዳዋ ቢለቅ የቡድኑ መብራት በሙሉ ይጠፋል፣ ሌሎቹ ግን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ስክሪኑ ይፈዛል እንጂ አይጨልምም። ነጭ ገጽ ከፍተው ክፍሉን አጨልመው የታችኛውን ጠርዝ ቢያዩ፣ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ እንደ ማራገቢያ በተከፈቱ ጨረሮች ሲወጣ፣ በመካከላቸውም ጥቁር ጥላዎች ሲታዩ ያገኙታል። የቡድኖቹ ኤልኢዲዎች እየተፈራረቁ በተደረደሩበት ፓነል ላይ ጥላው ስስ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ መፍዘዝ ይቆጠራል። የእርስዎን ዓይነት ከመጠን ያለፈ ቅናሽ ሳይ፣ ሶፍትዌር ካልሆነ፣ ቀድሜ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ክዳኑን ቀስ እያሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ፍላት ኬብል ነው፤ ኤልኢዲዎቹ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። አፕል የእ.ኤ.አ. 2016 የ13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ባክላይት ችግርን በነጻ የሚጠግንበትን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው ለእንዲህ ያለ ችግር ነበር። ብርሃኑ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የስልክ ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ በሰያፍ ያብሩበት፤ ምስሉ ደብዝዞ ከታየ ፓነሉ ይሠራል፣ ኃይል ያጣው ባክላይቱ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጥቃቅን ፊውዝ ናት፤ ብዙ ጊዜ የምትቃጠለው ባትሪው ሳይነቀል የስክሪን ኬብል ሲነካካ ነው።

ትክክለኛውን የሥራ ሰዓት ማወቅ ከፈለጉ፣ ፓነሉ ባይነግርዎትም ሃርድ ዲስኩ ይነግርዎታል። የዲስክ ጤና የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደበራ ያሳያሉ። ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ስክሪኑ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኤስኤስዲ የሚባሉት አዳዲሶቹ ዲስኮች ዝቅተኛ ኃይል ላይ ያሉበትን ሰዓት ላይቆጥሩ ስለሚችሉ ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ሊያሳዩ እንደሚችሉ ይያዙልኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰውም ይህ ቁጥር ከውጪው ቀለም ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ብርሃኑ እየወረደ መሆኑን ለመከታተል ደግሞ የስልክ ካሜራ በቂ ነው። ክፍሉን ያጨልሙ፣ ሙሉ ነጭ ገጽ በሙሉ ብርሃን ይክፈቱ፣ የካሜራውን አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት) እና የሹተር ፍጥነት በእጅ ቆልፈው ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሮቹንም ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቁጥርና ርቀት ሲያነሱ ልዩነቱ ይታያል። ዓይንን ግን አይመኑት። የዛሬ ስልኮች ከ500 እስከ 1,000 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ከዚያም በላይ ብርሃን ስለሚያወጡ፣ ስልክ አይቶ ወደ ላፕቶፕ የዞረ ዓይን 250 ኒት ያለው አዲስ ስክሪን እንኳ ፈዛዛ ይመስለዋል። መካከለኛ ላፕቶፕ አዲስ ሆኖ የሚያወጣው 220 እስከ 300 ኒት ነው፤ ቤት ውስጥ ለማንበብ 120 አካባቢ ይበቃል። 250 የነበረው ወደ 185 ቢወርድ ጥላ ባለበት ክፍል ውስጥ ምንም አይጎድልብዎትም፤ መስኮት ፊት ለፊት ከተቀመጡ ግን አዲሱም አይበቃዎትም።

ወደ ዳርክ ሞድ ልምጣ። ኤልሲዲ ላይ ዳርክ ሞድ የባክላይቱን ዕድሜ አያራዝምም። ከላይ ያልኳቸው ኃይል ቆጣቢዎች ካልበሩ በስተቀር፣ ጥቁር ገጽ ሲያዩ ከኋላ ያሉት ኤልኢዲዎች ልክ እንደ ነጩ ገጽ ነው የሚበሩት፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ ብርሃኑን አግዶት እንጂ መብራቱ አልቀነሰም። ስክሪን ሴቨርም እንዲሁ፤ ያ ነገር የተሠራው ሲአርቲ ለሚባለው ለድሮው ወፍራም ሞኒተር ነው፣ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚያሳየው ሥዕል ባክላይቱን በሙሉ ጉልበት እያሠራ ነው። ዳርክ ሞድ ትርጉም የሚኖረው ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። ኦሌድ ባክላይት የለውም፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል፤ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ነው። እዚያ ላይ እርጅናውም ሌላ መልክ አለው፦ ብዙ የበራው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደክም ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት የቆየ የታችኛው አሞሌ ጥላ ሆኖ ይቀራል፣ ሰማያዊው ነጥብም ከቀዩና ከአረንጓዴው ይፈጥናል። ጥያቄዎ ግን ስለ ኤልሲዲ ነው።

ለኤልሲዲ የሚጠቅመው ቀላል ነው። የሚበቃዎትን ያህል ብቻ ያብሩ። ከጠረጴዛዎ ሲነሱ ስክሪኑ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲጠፋ አድርገው ያስተካክሉ፤ ኤልኢዲ በመብራትና በመጥፋት አይጎዳም፣ ይህ ስጋት ከፍሎረሰንት ቱቦው ዘመን የተረፈ ነው። ክዳኑን ዘግተው በውጪ ሞኒተር የሚሠሩ ከሆነ የላፕቶፑ ስክሪን በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ሙቀት ከብርሃን መጠን ቀጥሎ ትልቁ ጠላት ነው፤ ላፕቶፑን መኪና ውስጥ ለፀሐይ ትቶ መሄድ ለኤልኢዲውም፣ ለፊልሞቹም፣ ለፖላራይዘሩም ጥሩ አይደለም። የስክሪኑን ፊት በአልኮል መጥረግም ይተዉ፤ ሽፋኑን ሊያደበዝዘው ይችላል፣ የደበዘዘው ሽፋን ደግሞ ብርሃኑን ስለሚበትነው የባክላይት ድካም ይመስላል።

ፓነሉ በእርግጥ ካረጀ ወይም አንድ ቡድን ኤልኢዲ ካጣ የምመክረው ሙሉውን ፓነል መቀየር ነው። የኤልኢዲ ጥብጣብ ብቻውን መቀየር በቴክኒክ ይቻላል፤ ነገር ግን ፓነሉን ንብርብር በንብርብር መክፈት ይጠይቃል፣ በዚያ መካከል ፊልሞቹ ሥር የገባች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዘለዓለም ነጥብ ሆና ትቀራለች፣ የተቀየረው ጥብጣብ ቀለምም ከሌላው ጋር አይስማማም። የኤልኢዲ ድራይቨሩ ለኤልኢዲዎቹ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ጨምሬ አደምቀዋለሁ የሚል ካለ አይፍቀዱለት፤ ለጥቂት ወራት ይደምቃል፣ ሙቀቱ ግን የቀረውን ዕድሜ ይበላዋል።

ሲቀይሩ የድሮው ፓነል ጀርባ ላይ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዘው ይሂዱ። የሚገጥመው መጠኑ ብቻ አይደለም፦ የማገናኛው ፒን 30 ነው 40፣ የት በኩል ነው የተቀመጠው፣ ሬዞሉሽኑ ስንት ነው፣ በብሎን የሚታሰርባቸው ጆሮዎች አሉት ወይስ በሙጫ የሚለጠፍ ነው የሚለው ሁሉ መገጣጠም አለበት። ሠራተኛው ኬብሉን ከመንካቱ በፊት ባትሪውን መንቀሉን በዓይንዎ ይዩ፤ ስለ ፊውዟ ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ። ከዚያ አዲሱ ፓነል ገጥሞ ሲበራ መጀመሪያ ሰማያዊ ሰማያዊ መስሎ ይታይዎታል፣ ምክንያቱም ዓይንዎ ከቢጫው ጋር ስድስት ዓመት ኖሯል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ለድሮው ፓነል የተቀመጠ የቀለም ፕሮፋይል ካለ ያጥፉት፤ ያለዚያ አዲሱን ስክሪን ለአሮጌው በተሠራ እርማት ነው የሚያዩት።